ቡሬው ቅጠል

ሸዋ ሮቢት ላይ የቅጠል ነገር ከተነሣ ከፋዲላ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነበር። ይህን የማያውቅ የለም። ያም ሆኖ አገሩ በሙሉ ሁለት ዓመት ሲከራከራት ኖረ፤ ያውም በማያውቀው ነገር።

ፋዲላ ዕድሜዋ ወደ ስልሳው የተጠጋ፣ አጠር ብላ ደንደን ያለች፣ ሮቢ ወንዝ ዳር ባላት ጓሮ የምትተዳደር ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ጓሮው ውስጥ ሎሚም፣ ፓፓያም፣ ቃሪያም አለ። ጓሮውን ጓሮ ያሰኘችው ግን መካከል ላይ የቆመችው ቲን ናት። ከቦዩ ማዶ ያለው ክርስቲያኑ ጎረቤቷ ደምሴ «በለስ» ይላታል፤ ፋዲላ ግን በቁርአኑ ስሟ ነው የምትጠራት። አባቷ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ጊዜ ከዘይላ ሲመለሱ ሦስት ዝንጣፊ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ ያን ሁሉ በረሃ በግመል ላይ፣ ለራሳቸው ከያዙት ውሃ እየቀነሱ እያጠጡ አመጡ። ሁለቱ መንገድ ላይ ደረቁ። ሦስተኛዋ ሮቢ ዳር ጸደቀች።

አባቷ ሲያረጁ ከጥላዋ ሥር አይጠፉም ነበር። ሲሞቱም ለፋዲላ የተዉላት ቤት አልነበረም፣ ከብት አልነበረም፤ «ይቺን አደራ» ብለው ወደ ዛፏ በአገጫቸው አሳዩ፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ ፋዲላ ፍሬውን እየለቀመች ጣሪያ ላይ ታደርቃለች፤ ረመዳን ሲገባ የመስጊዱ ጀማዓ ጾሙን የሚያፈጥረው በሷ ቲን ነው። ቴምር ከየት ይምጣ? ሰው ሁሉ ከመግሪብ አዛን በኋላ «አላህ አባትሽን ይማር» እያለ እጁን ይዘረጋል። ፋዲላም ያችን ቃል ለመስማት ስትል ዓመቱን ሙሉ ውሃ ትቀዳለች ቢባል ውሸት አይሆንም።

አንድ የአገሩን ልማድ ልንገራችሁ፤ ያለሱ የሚመጣው ነገር አይገባም። በዚያ ቆላ ለተከላ የሚሆን ዝንጣፊ የጠየቀ ሰው አይከለከልም። የተጣላ ሰው ቢሆንም አይከለከልም። ባለቤቱ በገዛ እጁ ቆርጦ ይሰጣል፤ የተቀበለው ደግሞ አያመሰግንም። ካመሰገነ አይጸድቅም ይባላል። ዝም ብሎ ይቀበልና፣ ወደኋላው ሳያይ ይሄዳል። ከቀወት እስከ ማጀቴ በየጓሮው የበቀለው በለስ ሁሉ እንዲህ እየተቆረጠ ከፋዲላ አባት ዛፍ የሄደ ነው።

ጣሊያን ጣርማ በር ላይ ተራራውን ሲበሳ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የመንገድ ሠራተኛ ሰፈር ተከለ። የሰፈሩን አለቃ ሰው ሁሉ «ካቦው» ነበር የሚለው። ካቦው የአገሩ በለስ ናፈቀውና ዝንጣፊ በሣጥን ከባሕር ማዶ አስመጣ። አትክልቱን እንዲጠብቅለት ደምሴን ቀጠረው። ቀጠረው ማለት እንኳ ይቅር፤ «ነገ ና» አለው፣ ሄደ። ያን ጊዜ «ነገ ና» ተብሎ መቅረት ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ አልነበረም።

ደምሴ ክፉ ሰው አይደለም። ዝንጣፊ አምጥቶ ለጎረቤት ማካፈል ወጉ ነውና፣ በዓመቱ ከካቦው አትክልት ጥቂት ቆርጦ ለፋዲላ ይዞላት መጣ። ከአንዱ ጫፍ ላይ ሁለት ቅጠል አልረገፈም ነበር። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴው ላይ ግን ገርጣ ያለ ቢጫ ተረጭቶበታል፣ እዚህ ጠብታ፣ እዚያ ቀለበት።

«ቡሬ!» አለች ፋዲላ እጇን አጨብጭባ። «ወላሂ ቡሬ ነው! ደምሴ፣ ይኼ ደግሞ ሌላ ዘር ነው።»

እንግዲህ ጥፋቱ ሁሉ ከዚህች ቃል ተነሣ። የቆላ ሰው የሚያየውን ሁሉ በከብት መልክ ነው የሚጠራው፤ ዶሮውም፣ ጨርቁም፣ ደመናውም ወይ ዳልቻ ነው ወይ ቡሬ። ጥጃ ቡሬ ሆኖ ቢወለድ ደግሞ ታሟል የሚል የለም። መልኩን ከእናቱ ያመጣው ነው፣ ዘሩ ነው፣ ያማረ ነው። ቅጠሉንም እንደዚያው አዩት። ፋዲላ አንዱን ከቤቷ ጀርባ ተከለች፤ አንዱን ማጀቴ ላገባችው ልጇ ለመሊካ ላከች። መሊካ ጓሮ የአያቷ ቲን አለች፤ ቡሬው አጠገቧ ሆኖ ያጫውታት ብላ ነው። ደምሴም የራሱን ከቦዩ ዳር፣ ከፋዲላ አባት ዛፍ ፊት ለፊት ተከለ። ወሬው ወጣ። «ፋዲላ ያደነቀችው ቡሬ በለስ» ተባለ፤ ከየመንደሩ ሰው ለዝንጣፊ ደምሴ ደጅ ተሰለፈ። ማን ይከለክላል?

በሁለተኛው ዓመት ከቤት ጀርባ ያለው ቡሬ ፍሬ ያዘ። ፍሬው የአውራ ጣት ጫፍ ሲያክል ረገፈ። ፋዲላ ውሃ አነሰው ብላ አጠጣች። እንደገና ያዘ፣ እንደገና ረገፈ። አዲሱ ቅጠል ደግሞ ጣቱ እንደጎደለ እጅ ጠማማ ሆኖ ወጣ።

ያን ጊዜ ፋዲላ ቆም አለች። ቅጠሉን ቀጠፈችና ወደ ፀሐይ አንሥታ ተመለከተችው። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ለማንም አልተናገረችም፤ አምስት ወር ፈጀባት። የተጠማ ቅጠል ቀትር ላይ ይጠወልግና ማታ ቀና ይላል፤ ይኼ ግን ማታም ያው ነው። የተራበ ቅጠል ከታች ካለው ካረጀው ጀምሮ፣ ከግራም ከቀኝም እኩል ይገረጣል፤ ፍግ ሲያገኝ ይመለሳል። ይኼ ግን ሥርዓት የለውም። አንዱ ቅርንጫፍ ደህና ነው፣ ጎረቤቱ ተረጭቶበታል፤ በአንዱ ቅጠል ላይ እንኳ ግራው ጤና፣ ቀኙ በሽተኛ ነው። ዋግ እንዳትለው በጣት ሲዳሰስ የሚወጣ ዱቄት የለም፤ ቢጫው ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከውስጥ የመጣ ነው። ሲሰነብት የቀለበቱ ጠርዝ እንደ ዝገት ይቀላል። በመጨረሻ ከበሽተኛው ዛፍ አንዲት ዝንጣፊ ቆርጣ፣ ከወንዙ ማዶ ምንም በለስ በማያውቀው ንጹሕ አፈር ላይ ተከለች። ጸደቀች። ሦስተኛ ቅጠሏ ላይ ቀለበቱ ወጣ።

«ያ አላህ» አለች ፋዲላ እዚያው ተቀምጣ። «ዘር አይደለም። በሽታ ነው፤ ከዝንጣፊው ጋር ነው የሚሄደው። እኔ ነኝ ቡሬ ያልኩት።»

በዚያው ቀን ሁለቱንም ነቅላ አቃጠለች። ከዚያ ወደ ደምሴ ሄደች፤ ከቦዩ ዳር ያቆመው ዛፍ ቅርንጫፉ ወደ አባቷ ቲን እየተጠጋ ነበር። ቅጠል ቀጥፋ ወደ ፀሐይ አነሣችለት፣ ቀለበቱን በጥፍሯ ዞረችው፣ የጎደለውን ጣት አሳየችው።

«ይታይሃል?» አለችው።

ደምሴ ዓይኑን አጨናቁሮ ትንሽ አየ። «እኔ እንግዲህ ቡሬ ነው የሚታየኝ፣ እትዬ ፋዲላ» አለ። «እርስዎ ራስዎ ነዎት ቡሬ ያሉት።»

«ተሳስቼ ነው!»

«ካቦው የሰጠኝን ነቅዬ ብጥል ምን ይለኛል? በየቀኑ በዚህ ነው የሚያልፈው።»

ሌላው ሰው ከደምሴ ይብስ ነበር። ደምሴ ቢያንስ ካቦውን ፈርቶ ነው፤ ሌላው ግን የፈረደው በፋዲላ ላይ ነው። «የአባቷ ዛፍ ብቻ እንዲጠራ ፈልጋ ነው» አሉ። «ቡሬው ሲወደድ ቀናች» አሉ። ፋዲላ ጎረቤቷ ቤት እየገባች ቅጠል ወደ ፀሐይ ስታነሣ፣ ሴቶቹ ከኋላዋ ይሳሳቁባት ጀመር። በንዴት ሌሊት ስታስበው፣ ቀን ስትናገረው፣ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ «እስቲ ልይ» አላለም። ሰው እንዴት ዓይን እያለው አያይም? ይህ ነበር ደሟን የሚያፈላው።

በሠላሳ ሁለት የካቦው በለስ ራሱ ፍሬውን ማርገፍ ጀመረ። ካቦው የበለስ አዋቂ ሴት አለች መባሉን ሰምቶ አስጠራት። ፋዲላ ደስ አላት። ምንጩ ከዚያ ነውና፣ ምንጩ ከደረቀ ሌላው ይደርቃል ብላ አሰበች። ካቦው በቁምጣ ሱሪ ዛፎቹ መካከል ቆሟል፤ አጠገቡ ዓለሙ የሚባል አስተርጓሚ አለ፤ ምጽዋ ወደብ ሲሠራ ጣሊያንኛ የለቀመ የአንኮበር ሰው ነው። ደምሴም ባልዲውን ይዞ ከወደኋላ ቆሟል።

ፋዲላ ዛፎቹን አንድ በአንድ ዞራ አየች። ንጹሕ የሚባል አንድም አልነበረም።

«እንዲህ በለው» አለች ለዓለሙ። «ይኼ ጥማት አይደለም፣ ርሀብም አይደለም። በሽታ ነው፤ ዛፉ ደም ውስጥ የገባ ነው። መድኃኒት የለውም። ሁሉንም ነቅለህ አቃጥል፤ ከዚህ አትክልት አንድም ዝንጣፊ ለሰው እንዳትሰጥ በለው።»

ዓለሙ ወደ ካቦው ዞሮ ተናገረ። የሷ ንግግር ያን ያህል ረዝሞ፣ የሱ ሦስት ቃል አልሞላም። ካቦው ፊቱ ፈካ፤ ራሱን እየነቀነቀ የፋዲላን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ምንድን ነው ያልከው?» አለች ፋዲላ።

«ፍግ ይፈልጋሉ አልኩት።»

«ፍግ? ፍጉን ከየት አመጣኸው?»

ዓለሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ የጣሊያንን ንብረት አቃጥል በል እኮ ነው የሚሉኝ! ባለፈው ሳምንት አንዱን ዶማ ሰበርክ ብለው ሃያ ጅራፍ ገርፈውታል። እኔ ለቅጠል ብዬ ጀርባዬን አልሰጥም።»

ፋዲላ ልትሰድበው አፏን ከፍታ ዘጋችው። እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነበር ይበልጥ ያቃጠላት።

ፍጉ በጋሪ መጣ። በወሩ ዛፎቹ አዲስ ቅጠል አወጡ፤ ለጊዜው ለምለም መሰሉ። ካቦው በደስታ ለፋዲላ አንድ ከረጢት ስኳር ላከላት። ስኳሩ በመንደሩ መካከል ሲያልፍ ያላየ የለም። ከዚያ በኋላ ፋዲላ «ንቀሉት» ባለች ቁጥር፣ «ምን ሆነሻል? ፍግ ነው መድኃኒቱ፤ አንቺው አይደለሽም እንዴ ለካቦው የነገርሽው!» ይሏት ጀመር። መጀመሪያ በገዛ ቃሏ ያዟት፤ አሁን ደግሞ ባልተናገረችው። በሦስተኛው ወር ቀለበቱ ተመልሶ ወጣ። ካቦው ድኝ አስመጥቶ ዛፎቹን ቢጫ ዱቄት አለበሳቸው፤ አሁን ማን ይለየው፣ ድኙን ከበሽታው? ስኳሩን ፋዲላ አልቀመሰችውም። ጉንዳን ጨረሰው።

ለመሊካ በነጋዴ እጅ «የላኩልሽን ቡሬ ቶሎ ንቀይ፣ አቃጥዪ» ብላ መልእክት ላከች። መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ፦ «ቡሬው አምሯል፣ አላህ ይስጥሽ።» ነጋዴው ምን ብሎ እንዳደረሰ አላህ ይወቅ። ደግማ ላከች። ደጋግማ ላከች። በሠላሳ ሦስት ጥር ላይ አንድ ግመል ነጂ በጨርቅ የታሰረ ትንሽ ነገር አመጣላት። ፈታችው፤ ቅጠል ነው። የካቦው በለስ ቅጠል ቀጭን ነው፤ ይኼ ግን ሰፊና ወፍራም፣ ፋዲላ በጨለማ ብትዳስሰው እንኳ የማታስተው የአባቷ ቲን ቅጠል ነው። መካከሉ ላይ ሁለት ቢጫ ቀለበት አለበት።

«ልጅሽ እንዲህ በያት ብላኛለች» አለ ግመል ነጂው ፈገግ ብሎ። «የአያቴም ቲን ቡሬ ወጣላት፤ እንኳን ደስ አለሽ ብላለች።»

ፋዲላ ቅጠሉን ጨርቁ ውስጥ መልሳ አሰረችው። ለሰውየው ውሃ ሰጠችው። ከሄደ በኋላ ዛፏ ሥር ገብታ ግንዱን ያዘችና አለቀሰች። አባቷ ካመጡት ዘር ንጹሕ ሆና የቀረችው አሁን ይህቺው ብቻ ናት። በየመንደሩ ከሷ ተቆርጠው የበቀሉት ሁሉ ቡሬ ከጎናቸው ተተክሎባቸው ቡሬ ሆነዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፋዲላ ጧትና ማታ ዛፏን ቅጠል በቅጠል ታያለች። ሰውነቷ ከሳ። የቃሪያው መደብ አረም በላው።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ቦዩን ተሻግሮ የደምሴ ዛፍ በሚነካት በኩል፣ ከዓይኗ ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አገኘችው። የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቀለበት። በምን እንደተሻገረ አላወቀችም፤ ነፋስ ይሁን፣ ዓይን የማያየው ተባይ ይሁን። ቅጠሉን ቀጠፈችና ጉያዋ ከተተችው፤ ከዚያ ግራ ቀኝ አየች፣ እንደ ሌባ።

እዚህ ላይ ፋዲላን መውቀስ ይቻላል። ሁለት ዓመት «ንቀሉ፣ አቃጥሉ» ስትል የኖረች ሴት፣ ተራው የሷ ሲሆን መጥረቢያ አላነሣችም። በየማለዳው፣ ሰው ሳይነሣ፣ ቀለበት የወጣበትን ቅጠል እየለቀመች ምድጃ ውስጥ ትጨምራለች። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ነበር፤ በኋላ በቁና ሆነ። ያ የዛፏ ጎን ሲራቆት ሰው «ምን ነካት?» ሲላት፣ «ፍየል በላው» ትላለች። ፍየል እንዴት ያን ያህል ከፍ ብሎ እንደበላ የጠየቃት የለም። ያው ቅጠል የሚያይ የለም ብለናል።

ሚያዝያ ላይ ጣሊያን ሰፈሩን ለቀቀ። በጭነት መኪና ዕቃውን ጭኖ ወደ ደሴ ሲጣደፍ፣ ካቦው በለሱን ዞሮም አላየው። ፍግ የሚያመጣ ጋሪ ቀረ፣ ድኝ ቀረ፤ ዝናብ ያንን ቢጫ ዱቄት አጠበውና ዛፎቹ ከነጉዳቸው ቆሙ። ደምሴ ከልማድ ይሁን ከሌላ፣ አለቃ ሳይኖርበትም አንድ ጧት ወደ አትክልቱ ሄደ። እስከ ቀትር ብቻውን ከዛፍ ዛፍ ሲዞር ዋለ። ከሰዓት በኋላ ከቦዩ ዳር ያለውን የራሱን ቡሬ በዶማ ሲነቅል ፋዲላ ድምፁን ሰማች። ወጥታ አላየችም።

በማግስቱ ደምሴ ልብሱን አጥቦ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ከደጇ ቆመ።

«እትዬ ፋዲላ፣ ልክ ነበሩ» አለ። «የካቦው ሁሉ ከሥሩ የሞተ ነው። የኔንም ነቅያለሁ። ከንጹሑ፣ ከአባትዎ ዛፍ አንዲት ዝንጣፊ ይስጡኝ፤ እንደገና ልጀምር።»

ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቃል ይኸው ነበር። «ልክ ነበሩ» አላት፣ ያውም ደጇ ድረስ መጥቶ። ፋዲላ ግን ደስ አላላትም። ዝንጣፊ የለመነ አይከለከልም። ዛሬ ብትሰጠው ደምሴ ተቀብሎ፣ ሳያመሰግን፣ በሽታውን ከንጹሕ ዛፍ የመጣ ነው ብሎ ይተክለዋል። ነገ ደግሞ ለሌላው ይሰጣል፤ ያም ለሌላው። ብትከለክለውም አገሩ «ቀናተኛ ናት» ያለው እውነት ይሆናል።

«ና ወዲህ» አለችው።

ከዛፏ ሥር ወሰደችው። ጧት ለመልቀም ደክሟት የተወችውን፣ ከላይኛው ቅርንጫፍ ላይ የቀረውን አንድ ቅጠል ጎትታ ቀጠፈችና እጁ ላይ አኖረችው። ቀና ብላ አላየችውም።

ደምሴ ቅጠሉን፣ ከሁለት ዓመት በፊት እንዳሳየችው፣ ቀስ ብሎ ወደ ፀሐይ አነሣው። ገለበጠው፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ጣቱን አየ። ምንም ዱቄት የለም። ቀለበቱን በጥፍሩ ዞረው። የጎደለችውን የቅጠል ጣት ቆጠረ።

«እንዲህ ነው?» አላት በቀስታ።

«አዎ» አለች ፋዲላ። «እንዲህ ነው።»

«መቼ ነው የያዛት?»

«ፍየል አልበላትም» አለች ብቻ።

ደምሴ ወደ ነቀለው ዛፍ ጉድጓድ አየ፤ ከዚያ ወደ ቲኗ። ከቦዩ እስከ ግንዷ ያለው ስድስት እርምጃ አይሞላም። ፊቱ ሲለዋወጥ ፋዲላ አየችው፤ የገባው ሰው ፊት ነው፤ አሁን ቢገባው ምን ያደርጋል? ልትጮኽበት ፈለገች። ሁለት ዓመት ነግሬህ፣ በገዛ ዓይንህ አይተህ፣ ልትለው ፈለገች። ያንን ትታ ወደ ጎጆዋ ገባችና መጥረቢያውን ይዛ ወጣች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምት ራሷ መታች። ከሦስተኛው ጀምሮ ደምሴ ከጇ ተቀበላት። የቲን እንጨት ለስላሳ ነው፤ ነጭ ወተቱ በግንዷ ላይ ወረደ። ድምፁን የሰማ ከየቤቱ ወጥቶ ከአጥሩ ዳር ቆመ። ሲያሾፉባት የነበሩት ሴቶችም አሉ፣ መስጊድ የሚያፈጥሩት ሽማግሌዎችም አሉ። የአባቷን ዛፍ በገዛ እጇ ስታስጥል አዩ። ሁለት ዓመት በአፏ ተናግራ ያላመኗትን፣ ያን ቀን አንድም ቃል ሳትናገር አመኗት። ከመካከላቸው አንዷ ወደ ቤቷ ሮጣ ሄደች፤ ትንሽ ቆይቶ ከዚያ በኩል የዶማ ድምፅ ተሰማ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅርንጫፉ ተከምሮ ነደደ። እርጥብ ስለሆነ ጭሱ በዛ፤ ፋዲላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ከጭሱ ነው አለች። ደምሴ መጥረቢያውን ከግድግዳው አስደገፈ። ያችን ቅጠል እሳት ውስጥ አልጨመራትም፤ ከመሐረቡ ውስጥ አድርጎ በጥንቃቄ ጠቀለላት።

«ቀወት ልወስዳት ነው» አለ። «እዚያም ተክለውታል፤ እንዲያዩት።»

ፋዲላ ራሷን ነቀነቀች። ደምሴ ቅጠሉን ይዞ፣ ሳያመሰግናት፣ ወደኋላው ሳያይ ሄደ።